ፍሪጅ የሌለው ኬክ ቤት

ሀናን ባነሩን የሰቀለችው ከፋሲካ በኋላ ባለው ረቡዕ ነበር። ቤቷ ቀበና፣ ወደ ፈረንሳይ ሰፈር በሚወስደው መንገድ ዳር ነው፤ አንድ ጠባብ በር፣ አንድ መስኮት። ከበሩ በላይ ራሷ በቀይ ቀለም የጻፈችው «ሀናን ኬክ» የሚል ታፔላ አለ። ከታፔላው በታች አዲሱ ባነር ተዘረጋ፦ «ዘወትር ረቡዕና ዓርብ ትኩስ የጾም ኬክ አለን።» ጎሕ ሳይቀድ ተነሥታ የብርቱካንና የሙዝ ኬክ ጋግራለች፤ በመሐሉ ማርማላታ ቀብታለች። መስታወቱን ወለወለች፣ ሻሿን አስተካከለች፣ ቆማም ጠበቀች።

እስከ ምሳ ሰዓት የገባ ሰው የለም። በበሩ የሚያልፉት ግን ቀና ብለው ያነቡና ይሥቃሉ። ሁለት የታክሲ ረዳቶች እየተጎሻሸሙ ቆመው አነበቡት። አንደኛው አንገቱን በበሩ አስግጎ ጥሬ ሥጋ በኪሎ ስንት እንደሆነ ጠየቃትና መልስ ሳይጠብቅ ወደ መኪናው ሮጠ። የሚያሥቀው ነገር ምን እንደሆነ ያልገባት በመንደሩ እሷ ብቻ ነበረች።

የነገሯት እትዬ የማርያምወርቅ ናቸው። ከመንግሥት ሥራ በጡረታ ወጥተው ከልጅ ልጃቸው ጋር ከሀናን ቤት ትንሽ ከፍ ብሎ የሚኖሩ፣ ቀበና ተወልደው ቀበና ያረጁ ሴት ናቸው። ሣቃቸውን ከንፈራቸው ላይ ነክሰው ገቡ፤ በሩንም ከኋላቸው መለስ አደረጉት።

«ሀናንዬ፣ በዓለ ሃምሳ እኮ ነው።»

«ምንድን ነው እሱ?»

ተቀምጠው አስረዷት። ከፋሲካ በኋላ ሃምሳ ቀን ረቡዕም ዓርብም አይጾምም። ቄሱም ዲያቆኑም ዓርብ ዓርብ ሥጋ የሚበላበት፣ ሁለት ወር ሙሉ በጾም የከረመ ሰው የተጠማውን ወተትና ቅቤ የሚክስበት ጊዜ ነው። ከዓመቱ ውስጥ መርጣ መርጣ የጾም ኬክ ይዛ የወጣችው በዚህ ነው።

ሀናን ያደገችው ወራቤ ነው። ክርስቲያኖች ረቡዕና ዓርብ እንደሚጾሙ ያውቃል ሰው ሁሉ፤ እሷም ታውቃለች። ጉርድ ሾላ አንድ ኬክ ቤት ተቀጥራ በሠራችባቸው ዓመታት ቀን የሚቆጥረው አሠሪዋ ነበር። የጾም ጋግሪ ሲላት የጾም፣ የፍስክ ጋግሪ ሲላት የፍስክ ትጋግራለች፤ ጓዳ ሆኖ ማን መቼ ምን እንደሚበላ አይታይም። ባነሩን አወረደችና አጣጥፋ ከዱቄት ጆንያው ኋላ አስቀመጠችው። ልትጥለው አልፈለገችም። ቅጽል ስም ግን ወጥቶላት ነበር፤ ረዳቶቹ ከዚያን ቀን ጀምሮ «የበዓለ ሃምሳ ጿሚ» ይሏት ጀመር።

ወሬው ጉርድ ሾላ ለመድረስ ሳምንት አልፈጀበትም። ታላቅ ወንድሟ ሱፊያን እዚያ የስልክ ዕቃ ይሸጣል፤ የቀበናውን ቤት በስሙ የተከራየላትም እሱ ነው። ባሮክ የሚባል ማስታወቂያ ሠሪ ይዞ መጣ። ባሮክ የብዙ ሱቆች የቲክቶክና የቴሌግራም ገጽ የሚያንቀሳቅስ፣ ጫማው ጭቃ የማይነካው የሚመስል ጎልማሳ ነው። ኬኩን ቀመሰ፤ ደገመ። ከዚያ እጁን በሶፍት ጠርጎ ወደ ታፔላው ጠቆመ።

«ሀኒ፣ አትቀየሚኝ። ፕሮዳክትሽ አሪፍ ነው። ችግሩ ቀኑም አይደለም፤ ቀን ይታረማል። ታርጌትሽ ክርስቲያን ነው፣ በርሽ ላይ የተጻፈው ግን ሀናን ነው። እስቲ ማን ያምንሻል?»

መድኃኒቱንም ይዞ መጥቷል። ቤቱ «ጽዮን ኬክ» ይባል፤ ከፊት አንገቷ ላይ ማተብ ያሰረች ልጅ ትቁም፤ በሩ አጠገብ መብራት ያለው ባለመስታወት ፍሪጅ ይግባ፤ ሀናን ጓዳ ሆና ትጋግር። እሱ ደግሞ የቤቱን ቪዲዮ ሠርቶ፣ ከፍሎ ቡስት አድርጎ አዲስ አበባ ውስጥ ስልክ ላለው ሁሉ ያደርሰዋል። ሱፊያን ከሥር ከሥሩ ራሱን እየነቀነቀ አዳመጠ። ንግድ ላይ ስም ማለት ልብስ ነው አለ፤ እንደ አየሩ ይቀየራል።

ሀናን ያን ጊዜ ትዝ ያላት የጉርድ ሾላው ቤት ነው። የዚያ ቤት ስምም የጻድቅ ስም ነበር፣ ግድግዳው ላይም የማርያም ሥዕል ነበረ። በዐቢይ ጾም አንድ ቀን አሠሪዋ የጾሙን ሊጥ የቅቤ ክሬም በተመታበት ማደባለቂያ፣ ሳይታጠብ፣ እንድትመታ አዘዛት። ኬኩ ሲበስል እንዲያብረቀርቅም ምድጃ ሳይገባ ላዩን በእንቁላል ቀባው። ይህማ እንቁላል ነው አለችው። ምን አገባሽ፣ አንቺ አትጾሚው አላት። ሽርጧን ፈትታ የወጣችው በዚያው ቀን ነው። ለሱፊያን እንኳ ምክንያቱን አልነገረችውም ነበር፤ የሰው አማና፣ የሰው አደራ መብላት ነው ብትለው የሚሥቅባት መስሏት።

አሁንም አልነገረችውም። ዐይኗን ከወለሉ ሳታነሣ እንዲህ ብቻ አለች፦

«ስሜ አይወርድም።»

ሱፊያን መጀመሪያ ያልሰማ መሰለ። ከዚያ ከማን ጋር እልህ እንደተጋባች ጠየቃት። ከማንም ጋር አልተጋባሁም አለችው። ባሮክ ጣልቃ ሊገባ ሲል በእጁ አስቆመውና ፍርዱን ሰጠ፦ እስከ ፍልሰታ ፍቺ ትሞክር። ፍልሰታን ሕፃን ሽማግሌ ሳይል ሁሉም ይጾመዋል፤ በፍልሰታ የጾም ኬክ መሸጥ ካልቻለች በሌላ ጊዜ አትችልም። ያኔ የባሮክ ታፔላ ይሰቀላል፤ እሷም ጓዳ ትገባለች።

ባሮክ ሲወጣ ቤቱን አንድ ጊዜ ዞር ብሎ ቃኘው፤ የጎደለውንም አየ።

«ፍሪጅ እንኳ የላትም እኮ። ፍሪጅ የሌለው ኬክ ቤት የት አገር ነው ያለው?» አለ፤ ጮክ ብሎ ስለነበረ ረዳቶቹ ሰሙት። «የበዓለ ሃምሳ ጿሚ» የሚለው ቅጽል ወዲያው ተረሳ፤ «ፍሪጅ የሌላት» በሚል ተተካ።

ክረምቱ ገባ። ሀናን ጧት ጧት ትንንሽ ዳቦ እየጋገረች በሯን ክፍት አቆየች። ዳቦው ይሸጣል፤ ዳቦ የማይሸጥበት አገር የለምና። ኬኩ ግን በቀን አንድ ሁለት ቁራጭ ነው። የሰኔን ጾም ብዙ ሰው ለቄሶች ትቶታል። ረቡዕና ዓርብ የጾም ኬክ ያማረው ሰው ደግሞ ካፌው ሞልቶለታል፤ ማኪያቶ ባይጠጣ በሻይ ይበላዋል፣ ውስጡ ምን እንዳለ አይጠይቅም። የማይጠይቅን ሰው ምን ብላ እንደምትጠራው አላወቀችም። አንድ ሁለቴ በሩ ላይ ቆማ አላፊ አግዳሚውን ግቡ ለማለት ሞከረች፤ ቃሉን ሳትጨርስ ሰዉ አለፈ።

ሐምሌ ሊያልቅ ሲል አንድ ዝናባማ ከሰዓት የእትዬ የማርያምወርቅ የልጅ ልጅ ሰላማዊት ዳቦ ልትገዛ መጣችና ዝናቡ አገዳት። ሀናን ምድጃው አጠገብ ቁጭ አደረገቻት። ልጅቷ መስኮቱ ላይ ያለውን ኬክ ስታይ ስታይ ቆየችና የልደት ኬክም ትሠሪያለሽ ወይ ብላ ጠየቀች። ልደቷ መቼ እንደሆነ ሀናን መልሳ ጠየቀቻት።

«ነሐሴ ዘጠኝ። የሚከበረው ግን ለፍቺው ነው፤ ጾም ስለሆነ። ለፍቺው ደግሞ ስለ ዶሮው ነው የሚወራው።» ትንሽ አሰበችና ጨመረች፦ «ዐምና ሻማውን የገዙት ዶሮው ከተበላ በኋላ ነው። እኔም ተኝቼ ነበር።»

ልጅቷ ይህን ያለችው ሳታማርር ነው፤ ስለ ዝናቡ እንደምታወራ። ሀናን ግን እጇ ሊጡ ላይ ቀረ። ስንት ልጅ በፍልሰታ ተወልዷል? በዐቢይ ጾምስ? በገናው ጾም? ስንት እናት ናት በየዓመቱ የልጇን ልደት እንደ ዕዳ ወደ ፍስክ የምታሻግረው? ካፌ ተቀምጦ በሻይ ለሚበላው ሰው ካፌው አለለት። ለእነዚህ ማንም አልጋገረላቸውም። ማንም አልጠራቸውም።

ዝናቡ ሲያባራ ሰላማዊትን እስከ ቤቷ ሸኘቻት። ለእትዬ የማርያምወርቅ የዘንድሮ ልደት በራሱ ቀን እንዲውል፣ ኬኩን እሷ እንደምትሠራ ነገረቻቸው። እትዬ ጥቂት አመነቱ። ነሐሴ ዘጠኝ ልጆቹ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት የሚቆርቡበት ቀን ነው፤ ቆርቦ የመጣ ልጅ አፉ ይጠበቃል፤ ያገኘውን አይበላም። ከዚያ የሀናንን ፊት አዩና እሺ አሉ።

ያን ቀን ቅዳሴው ካበቃ በኋላ ልጆቹ ነጠላቸውን እንደለበሱ፣ የእንጦጦ ጭቃ ጫማቸውን እንደያዘው፣ በእትዬ ሳሎን ተሰበሰቡ። እናቶቹም አብረው ነበሩ። ኬኩ መሐል ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ላዩ በሎሚና በስኳር ነጭ ተደርጎ «ሰላማዊት» ተብሎበታል። ሀናን በሩ ጥግ ቆማለች። ሻማው ጠፋ፣ ተጨበጨበ፣ ኬኩ ተቆረሰ። አንዲት ትንሽ ልጅ እጇን ስትዘረጋ እናቷ ያዘቻት።

ሴትዮዋ ጅሬኛ ትባላለች። ከኪዳነ ምሕረት ዝቅ ብሎ፣ ባሕር ዛፉ ሥር፣ መንገድ ዳር ትኖራለች፤ ድንችና ጎመን ታመርታለች፣ ለማንም የማትመለስ ሴት ናት።

«ልጄ ዛሬ ቆርባለች» አለች። «ማን ነው የጋገረው?»

እትዬ የማርያምወርቅ ወደ በሩ አመለከቱ። ሁሉም ዞረው ሻሿን አዩ። ሰላማዊት ሳህኗን እንደያዘች ቆመች።

«አይክፋሽ፣ እኅቴ» አለች ጅሬኛ፤ ድምፅዋ ግን አልለዘበም። «አንቺ አትጾሚውም። እንቁላል አልገባበትም ብትይኝ በምን አውቃለሁ? ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው።»

አንዷ እናት ተይ እንጂ ብላ ክንዷን ነካቻት። እትዬ ሊቆጡ ከወንበራቸው ተነሡ። ሀናን ፊቷ ሲግል ተሰማት፤ በበሩ ውጪ ውጪ አላት። አልወጣችም።

«አትከልክሏት» አለች። «ልክ ናት። እኔም እጠይቃለሁ። ሰው ቤት ሥጋ ሲቀርብልኝ ማን እንደባረከው ሳልጠይቅ በልቼ አላውቅም። የጠየቅሁት ሰው ሲቆጣ ነው የምጠረጥረው።» በሩን ከፈተች። «ቤቴ ቅርብ ነው። ኬኩ ይቆየን። ተነሡና እንየው።»

በአራት ጃንጥላ ተጠጋግተው ወረዱ፤ ልጆቹም ከኋላ። ሀናን የጓዳውን በር ወለል አድርጋ ከፈተችና ራሷ ውጪ ቀረች። ጅሬኛ ገባች። መደርደሪያውን ከፈተች፣ የዘይቱን ጀሪካን ክዳን ፈትታ አሸተተች፣ የማደባለቂያውን ማንኪያ በጣቷ ዳበሰች፣ ጆንያው ኋላ ሳይቀር ጎንበስ ብላ አየች። ዱቄት፣ ስኳር፣ ኦቾሎኒ፣ ብርቱካን፣ ሙዝ፣ የማርማላታ ቆርቆሮ። ከዚያ መሐል ቆማ ዙሪያዋን ቃኘች፤ የምትፈልገውን ያጣች መሰለች።

«ፍሪጁስ?»

«የለኝም።»

«ወተቱ ቅቤው ታዲያ የት ይቀመጣል?»

«የሚቀመጥ የለኝማ» አለች ሀናን። «በጾምም በፍስክም እዚህ ቤት አይገባም።»

ጅሬኛ ከጓዳው ወጥታ ወደ መስኮቱ ሄደች። ከዚያ አንገቷን በመስኮቱ አወጣችና ውጪ ለተሰበሰቡት፣ ለመንገዱም ሁሉ፣ በገበያ ድምፅዋ ተናገረች፦ «ኑ እዩ። እውነትም ፍሪጅ የላትም።» ማዶ የቆሙት ረዳቶች ይህን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ሣቅ ሰሙት።

ተመልሰው ኬኩን በሉት። የጅሬኛ ልጅ ሁለት ቁራጭ በላች። ጅሬኛ ስትወጣ ሁለተኛ ልጇ ሁዳዴ እኩሌታ ላይ እንደተወለደ፣ ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ በቀኑ አክብሮ እንደማያውቅ ለሀናን ነገረቻት፤ የተናገረችው እንደ ወቀሳ ነበር፣ እስከ ዛሬ የት ነበርሽ እንደማለት።

ያን ማታ ሀናን የተጣጠፈውን ባነር ከጆንያው ኋላ አወጣች። ጀርባው ነጭ ነው። ታፔላውን የጻፈችበትን ቀይ ቀለም አመጣችና ተንበርክካ ጻፈች። ባሮክ የሰጣትን ምክር ሁሉ በሐሳቧ አመጣች፤ ሁሉን የሚጠራ ቃል፣ እመኑኝ የሚል ቃል። የጻፈችው ግን እንዲህ የሚል ነበር፦ «ልጅዎ በጾም ተወልዷል? ልደቱን ለፍስክ አያሻግሩ። እንቁላል፣ ወተት፣ ቅቤ የማይገባበት ቤት። አይመኑኝ፤ ገብተው ይዩ። ሀናን፣ ቀበና።»

በሯ ላይ አልሰቀለችውም። በማግስቱ ይዛው ወደ እንጦጦ ወጣችና የጅሬኛን አጥር አስፈቀደች። አጥሩ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አጠገብ አይደለም፤ ከዚያ ዝቅ ብሎ፣ እናቶች ልጆቻቸውን እየጎተቱ በጭቃው ወደ ታክሲ የሚወርዱበት ጠመዝማዛ ላይ ነው። ጅሬኛ በሚስማርና በገመድ ራሷ ሰቀለችው። አንድ ሽማግሌ አንብበው የእስላም ስም በዚህ መንገድ ምን ይሠራል አሉ። ጅሬኛ ድንቿን መኮትኮቷን ሳታቆም ከስሙ በላይ ያለውን መስመር ያንብቡት አለቻቸው።

መጀመሪያ የመጣችው እናት ገብታ ያየችው ሳታፍር ነው። ሁለተኛዋ እያፈረች ነበር፤ ሀናን ራሷ መደርደሪያውን ከፈተችላት። ከዚያ በየቀኑ መጡ፤ አንዳንዶቹ የዘንድሮው ልደት አምልጧቸው ለዐቢይ ጾም፣ ለነቢያት ጾም አስቀድመው ለመያዝ። ከፈረንሳይ በሚወርደው ታክሲ ውስጥም አዲስ ነገር መሰማት ጀመረ። ሳቂተኞቹ ረዳቶች የለጠፉት ስም ፌርማታ ሆነ፦ «ፍሪጅ የሌላት ጋ ወራጅ አለ።»

በፍቺው ዋዜማ ሱፊያንና ባሮክ መጡ። ታፔላው አብሯቸው ነበር፤ ባለወርቅ ፊደል «ጽዮን ኬክ»፣ አዲስ ቆርቆሮ። መሰላልም ይዘዋል። በሩ ላይ ሲደርሱ ጃንጥላ የያዙ ሴቶች መንገዱን ዘግተውባቸው ቆሙ። ጓዳው ውስጥ ጅሬኛ ለአንዲት እንግዳ ሴት የዘይቱን ጀሪካን ታሳያለች፤ እትዬ የማርያምወርቅ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ተራ ያስጠብቃሉ።

ሱፊያን ታፔላውን ግድግዳው ላይ አስደገፈው። የተናገረው ባሮክ ነው። ጥሩ ነው አለ፤ ይህ ግን ቀበናና እንጦጦ ብቻ ነው፤ በዚህ ላይ ስሙ ቢስተካከል ከተማው በሙሉ የሷ ይሆናል።

ሀናን እጇ ላይ ያለውን ሊጥ ጠረገች። ዐይኗን ከወለሉ ላይ አነሣች።

«ከተማውን በሙሉ አልፈልግም» አለች። «የምፈልገው የሚጠይቀኝን ሰው ነው። ስም አይቶ የሚገባውማ ጉርድ ሾላ ሞልቶለታል። እኔ እዚያ ሠርቻለሁ። ሥዕል ሥር ቆሜ እንቁላል ሲቀባ አይቻለሁ። ሱፊ፣ ለዚያ ነው የወጣሁት፤ አልነገርኩህም እንጂ። ጓዳ ገብቼ በሌላ ሰው ስም ብጋግር ማን ገብቶ ያየኛል?»

ሱፊያን ባሮክን አየ፤ ከዚያ ሴቶቹን። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ታፔላው እኮ ተሠርቷል አለ፣ እንግዲህ ምን ይሁን?

ሀናን ወጥታ ታፔላውን አነሣችው። ከባድ ነበር፤ ጅሬኛ በሌላ ጫፍ ያዘችላት። ወርቁን ወደ ታች ገልብጠው መስኮቱ ሥር በሁለት ትልልቅ የማርማላታ ቆርቆሮ ላይ አጋደሙት። ሀናን በጨርቅ ወለወለችውና ከምድጃው የወጡትን ኬኮች አንድ በአንድ ደረደረችበት።

«መደርደሪያ ጠቦኝ ነበር» አለች።

እትዬ የማርያምወርቅ ሣቃቸውን በዚህ ጊዜ አልነከሱትም። ባሮክ መሰላሉን ይዞ ወጣ። ሱፊያን ግን ቆየ፤ አንዲት ሴት ቆርጣ የሰጠችውን ኬክ ቆሞ እየበላ፣ ነገ ፍቺ ነው፣ ነገስ ምን ልትሸጪ ነው ብሎ ጠየቃት።

«ነገ ዳቦ ብቻ ነው» አለችው። «ኬኩን ለጾም ቀን እመልሰዋለሁ። በበዓለ ሃምሳ ደግሞ እዘጋና ወራቤ እወርዳለሁ።»

«ሃምሳ ቀን ሱቁን የሚዘጋ ነጋዴ የት አይተሻል?»

ውጪ ታክሲ ቆሞ አንዲት እናት ልጇን ይዛ በዝናቡ ስትወርድ አየችና፣ ሀናን በሩን ልትከፍትላት ሄደች።